በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እና የአውሬዎች ቲያትር



የዝግጅት ኮሚቴው ለዚህች መጽሔት አንድ የሕይወት ታሪክ እንዳዘጋጅ ሲጠይቀኝ፣ የብዙ ታላላቅ ሰዎች ስም በአእምሮዬ ተመላለሰ። የጦር አርበኛ ልጻፍ ወይስ የሃይማኖት አባት፣ ሯጭ ወይስ ዘፋኝ ስል ቆየሁ። በመጨረሻ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ወሰንኩ። ባለፈው የእንቁጣጣሽ በዓላችን ላይ ልጆቻችን አንዲት አጭር ድራማ አሳይተውን ነበር። በድራማዋ ውስጥ ጅብ ሰብሳቢ፣ ጦጣ ጸሐፊ፣ አህያ ደግሞ ገንዘብ ያዥ ሆነው ስብሰባ ያካሂዳሉ። ሰዓት አያከብሩም፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አያዳምጥም፣ በመጨረሻም ቃለ ጉባኤው ይጠፋል። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከፊት ወንበር የተቀመጥን አንዳንዶቻችን ግን ሳቃችን ከጉሮሮ አልወረደም። በማግሥቱ ይህ ድራማ ታላላቆችን መድፈር ነው፣ ሁለተኛ እንዳይደገም የሚል ወቀሳም ተሰማ።

እኔም ያን ጊዜ በልቤ፣ ይህ ነገር በአገራችን መጀመሪያ የሆነው እኮ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው አልኩ። በአማርኛ የተጻፈው የመጀመሪያው ዘመናዊ ቲያትር ተዋናዮች አውሬዎች ነበሩ። ተመልካቾቹ መኳንንት ነበሩ። መጨረሻውም ክልከላ ሆነ። ደራሲው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒህ ሰው ከዚያ በኋላ በስደት ዘመናቸው እኛ ዛሬ በምንኖርባት በጅቡቲ በኩል ያለፉ ናቸውና፣ ታሪካቸው ለእኛ በሁለት በኩል ቅርባችን ነው።

ከሸዋ እስከ ሩሲያ

ተክለ ሐዋርያት የተወለዱት በ1876 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1884) በሰሜን ሸዋ፣ ሰያ ደብር በተባለ ስፍራ ነው። በልጅነታቸው እንደ ዘመኑ ልጆች የቤተ ክህነት ትምህርት ቀመሱ። ከዚያም ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። ሐረር በዚያን ጊዜ የነጋዴው፣ የመልእክተኛውና የውጭ አገር ሰው መተላለፊያ ነበረችና፣ ከተራራ አገር ለመጣ ልጅ ዓለም ሰፊ መሆኗን የምታሳይ ከተማ ነበረች።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ጦርነት ሲሆን ተክለ ሐዋርያት ገና አሥራ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ሆኖም ከራስ መኮንን ሠራዊት ጋር ዘምተው ነበር። ከድሉ በኋላ ራስ መኮንን ብላቴናውን ሊዎንቲየፍ ለተባለው ሩሲያዊ አደራ ሰጧቸውና ወደ ሩሲያ ተላኩ። እናቱን፣ አገሩንና ቋንቋውን ትቶ በረዶ ወደሚወርድበት አገር የሄደ አንድ የሸዋ ልጅ ምን እንደተሰማው፣ ልጆቻችንን በባዕድ አገር የምናሳድግ ሁላችን መገመት አያቅተንም።

በሩሲያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆዩ። በሴንት ፒተርስበርግ ታዋቂ በሆነው በሚኻይሎቭ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ተምረው የጦር መኮንን ሆኑ። ሩሲያኛን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ፈረንሳይኛንም አሳምረው ያዙ። ጊዜው ሩሲያ የምትናወጥበት ነበር። በ1905 እ.ኤ.አ. በሴንት ፒተርስበርግ ጎዳና ሠራተኞች አቤቱታ ይዘው ሲወጡ በጥይት ተመቱ፣ አገሪቱም በአመፅ ተናጠች። በዚያው ዘመን ደግሞ የሩሲያ ቲያትር በዓለም የታወቀ ነበር። የሩሲያ ልጆች በትምህርት ቤት የክሪሎቭን የእንስሳት ተረቶች ያጠኑ ነበር፤ የፈረንሳይ ልጆችም የላ ፎንቴንን። እንግዲህ ተክለ ሐዋርያት ያደጉት፣ ሕዝብ ብሶቱን በሰልፍም በመድረክም በሚናገርበት አገር ነው ማለት ነው።

ወደ አገራቸው የተመለሱት በምኒልክ ዘመን መጨረሻ ነው። ቆየት ብለው እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው የእርሻ ትምህርት ተማሩ። ሲመለሱም ያገኟት ኢትዮጵያ የልጅነት ትዝታቸው ያቆያት ኢትዮጵያ አልነበረችም። ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ ነበሩ፤ መኳንንቱ እርስ በርስ ይፈራሩ ነበር፤ ገበሬው እንደ ቀድሞው ይገብራል፣ ባለሥልጣኑ እንደ ቀድሞው ይቀበላል።

ፋቡላ

በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ቲያትር የሚለው ቃል ገና እንግዳ ነበር። ቲያትር ነው ተብሎ የሚቀርበውም ዘፈንና ጭፈራ ነበር። ተክለ ሐዋርያትም እንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ ተጋብዘው ሄደው፣ ያዩት ነገር በውጭ አገር ከሚያውቁት ቲያትር ጋር አልገጥም አላቸው። እንግዲያውስ እኔ ልጻፈውና ቲያትር ምን እንደሆነ ላሳይ ብለው ተነሡ። ያዘጋጁትም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው ሥራ ነው። ፋቡላ በላቲን ተረት ማለት ነው። ታሪኮቹን የወሰዱት ከላ ፎንቴን ተረቶች ሲሆን፣ አስተሳሰቡንና ንግግሩን ግን ወደ አገራችን ኑሮ መለሱት። ቲያትሩ የታየው በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ነው። አብዛኞቹ የቲያትር ታሪክ ጸሐፊዎች ጊዜውን 1913 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1921) ይሉታል፤ ቀደም አድርገው በልጅ ኢያሱ ዘመን የሚያስቀምጡትም አሉ።

ለመሆኑ ስለ ምን አውሬዎችን መረጡ? ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እናቶቻችን ማታ እሳት ዳር አያ ጅቦን፣ እመት ጦጢትን፣ አህያንና ቀበሮን እያነሡ ያሳደጉን ሰዎች ነን። ተረት ማንንም አይሰድብም፤ የሰማው ሁሉ ግን ራሱን ያገኝበታል። በቤተ ክህነት ትምህርት ደግሞ ሰምና ወርቅ አለ። ሰሙን ሁሉ ይሰማል፣ ወርቁን ያስተዋለ ያገኛል። ተክለ ሐዋርያት የአውሮፓን ተረት ወስደው ያስቀመጡት አስቀድሞ በተዘጋጀ ማሳ ላይ ነው። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ነበሩ። የሚሰማው ግን የአስተዳደሩ ብልሹነት፣ የጉቦው፣ የስንፍናውና የኋላ ቀርነቱ ነገር ነበር። ከፊት የተቀመጡት ተመልካቾች ደግሞ ያንኑ አስተዳደር በእጃቸው የያዙ ሰዎች ነበሩ።

ነገሩ አልተወደደም። ንግሥት ዘውዲቱ ቲያትር እንዳይታይ አገዱ፤ የታተመውም መጽሐፍ እንዲሰበሰብ ሆነ። በአገራችን የዘመናዊ ቲያትር ታሪክ የመጀመሪያው ገጽ ስለዚህ የሚጀምረው በክልከላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አዝማሪ እኮ በመኳንንቱ ግብዣ ላይ እየተነሣ ጌታውን ራሱን ሲነካው ይኖራል። ይስቁለታል፣ ይሸልሙታል። ታዲያ አዝማሪው ሲታገሥ ቲያትሩ ስለ ምን ተከለከለ? እንደ እኔ አስተያየት ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የአዝማሪ ግጥም እንደ ጭስ ናት፤ ትወጣለች፣ ትበተናለች፤ ነገ ጌታው ከተቆጣም እንዲህ አላልኩም ማለት ይቻላል። ቲያትር ግን በወረቀት የሰፈረ፣ ተጠንቶ የሚደገም፣ ዛሬ እዚህ ነገ ሌላ ቦታ የሚታይ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ብቻውን ሲያዝን ብሶት ነው። ብዙ ሰው በአንድ ቤት ተቀምጦ በአንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሲስቅ ግን፣ እያንዳንዱ ያን ነገር ያስተዋለው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ሥልጣን የሚፈራው ይህን ይመስለኛል። ኪነ ጥበብ ሠራዊት የለውም፣ አዋጅ አያወጣም፣ ግብር አይቀንስም። ሰዎች በየልባቸው የያዙትን አንድ ላይ እንዲያዩት ማድረግ ግን ይችላል።

ከመድረክ ወደ ሥልጣን

ተክለ ሐዋርያት ተችተው ብቻ የተቀመጡ ሰው አልነበሩም። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከለውጡ ደጋፊዎች መካከል ነበሩ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በሰገሌ በተደረገው ጦርነትም ከሸዋ ወገን ተሰልፈዋል። ከዚያም በጅጅጋ፣ በኋላም በጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። ጨርጨርን ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ እንድትሆን አድርገው ለማደራጀት ደክመዋል። በቲያትር ያሳዩትን ጉድለት በአስተዳደር ለማረም የሞከሩበት ቦታ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1930) ዘውድ ሲጭኑ ተክለ ሐዋርያት የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ በጅሮንድ የሚለው ማዕረጋቸውም ከግምጃ ቤት ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 9 ቀን የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። ለረቂቁ መነሻ የሆነው የ1889 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። ሆኖም አባላቱን ሕዝቡ አልመረጣቸውም፤ ሥልጣኑም ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ አልወጣም።

ይህን ስጽፍ እኒህን ሰው ያለ ነቀፋ ለማቅረብ አይደለም። በወጣትነታቸው ሥልጣንን በተረት የገሠጹት ተክለ ሐዋርያት፣ በጎልማሳነታቸው ያንኑ ሥልጣን በሕግ ያጸና ሰነድ አዘጋጅተዋል። አንዳንዱ ይህን መለዋወጥ ይለዋል። ሌላው ደግሞ ምንም ሕግ ካልነበረበት ጊዜ ይህ ይሻላል ይላል። እኔ የማየው፣ በእጁ ያለውን መሣሪያ ሁሉ እየተጠቀመ አገሩን ለመለወጥ የሞከረ አንድ ሰው ነው። ብዕር ሲኖራቸው በብዕር፣ ሹመት ሲያገኙ በሹመት ሞከሩ። ሁለቱም የየራሳቸው ወሰን እንዳላቸው የሕይወት ታሪካቸው ያሳያል።

የቲያትሩ ዘር ግን አልሞተም። ክልከላው ላልቶ በዘውዱ በዓል ዘመን ቲያትር እንደገና ወደ መድረክ ተመለሰ። እነ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው በትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን እያሠለጠኑ ቲያትር አሳዩ። በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመና፣ መዝሙርና ንግግር ሕዝቡን ለመቀስቀስ ዋለ። መኳንንቱን አስቆጥቶ የተከለከለው ጥበብ፣ አገር በተጨነቀች ጊዜ መንግሥት ራሱ የሚፈልገው ጥበብ ሆነ።

በጄኔቭና በስደት

ተክለ ሐዋርያት በዚያን ጊዜ አገር ውስጥ አልነበሩም። ከ1924 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአውሮፓ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ያገለግሉ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ከተነሣ በኋላ ጉዳዩ ወደ መንግሥታቱ ማኅበር ሲቀርብ፣ በጄኔቭ ቆመው ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩት እሳቸው ናቸው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ወረራውን ጀመረች። የዓለም መንግሥታት ብዙ ተናገሩ፣ ጥቂት አደረጉ። በሕጋዊ ቋንቋ የተናገረ ሰው ሰሚ ሲያጣ ማየት ለተክለ ሐዋርያት ምን ያህል መራራ እንደነበር መገመት ቀላል ነው።

ወደ አገራቸው ተመልሰው ጦርነቱ በሽንፈት ሲያበቃ አዩ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲያመሩ፣ ተክለ ሐዋርያት አገር ውስጥ ቆይቶ መዋጋት ይሻላል የሚል አቋም ነበራቸው። በዚህ ጉዳይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተፈጠረው ቅሬታ ቀላል አልነበረም። ይሁን እንጂ ጠላት አገሩን ሲያጥለቀልቅ እሳቸውም በመጨረሻ ተሰደዱ። መንገዳቸው በጅቡቲ በኩል ነበር። ከዚያም የስደት ኑሯቸውን ከአፍሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ማዶ ባለችው በማዳጋስካር ደሴት አደረጉ።

አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ብዙ ስደተኞች ከሱዳን፣ ከኬንያ፣ ከኢየሩሳሌምና ከጅቡቲ ተመለሱ። ተክለ ሐዋርያት ግን ቶሎ አልተመለሱም። ስደታቸው ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ተራዘመ። በስደት የኖረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፦ መጀመሪያ ሰው የሚቆየው መንገዱ ስለተዘጋ ነው፤ ኋላ ግን መንገዱ ተከፍቶም ልብ ሳይከፈት ይቀራል። በመካከላችን መጀመሪያ ለስድስት ወር ብሎ መጥቶ ሠላሳ ዓመት የሞላው ስንት ሰው አለ!

ተክለ ሐዋርያት ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። የሚገርመው ነገር፣ በዚያው ዘመን ገደማ፣ በ1948 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1955) የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ሲከበር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለው ትልቅ ሕንፃ በአዲስ አበባ ተመርቆ ተከፈተ። በሆቴል ውስጥ በአውሬዎች አንደበት የተጀመረውና የታገደው ነገር፣ በሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ በዋና ከተማው እምብርት የራሱን ቤት አገኘ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም በዚህ ጊዜ ታዋቂ ደራሲ ሆነው ነበር። «አርአያ» የተባለው ልብ ወለዳቸውና ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የጻፉት ቲያትር በትምህርት ቤት ያለፍን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ናቸው። አርአያ በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰና ያገሩ አስተዳደር ያሳዘነው ወጣት ታሪክ ስለሆነ፣ የአባትየውን ሕይወት የሚያውቅ ሰው ሲያነበው ብዙ ነገር ያስታውሰዋል።

የመጨረሻው ዘመን

ተክለ ሐዋርያት የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚያው በወጣትነታቸው ባስተዳደሩት በጨርጨር፣ ሂርና ላይ ነው። ሹመት አልያዙም፤ እርሻቸውን አረሱ። የሕይወታቸውንም ታሪክ ጻፉ። ሲሞቱ ዓመቱ 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) ነበር፤ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። የምኒልክን፣ የኢያሱን፣ የዘውዲቱንና የኃይለ ሥላሴን ዘመን አይተው፣ የዘውዱንም መጨረሻ አይተው ነው ያለፉት። የጻፉት የሕይወት ታሪክ በሕይወት እያሉ አልታተመም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ለንባብ የበቃው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ፋቡላን የሰበሰበው እጅ አልፏል፤ ጽሑፉ ግን ቀርቷል።

ለልጆቻችን

እንግዲህ ወደ እንቁጣጣሿ ድራማ ልመለስ። ወቀሳውን ካነሡት መካከል ያለ ክፋት የተናገሩ አሉ። ታላቅን ማክበር ባህላችን ነው፣ ይህንንም ለልጆቻችን ማውረስ እንፈልጋለን። እኔም ከፊት ወንበር ከተቀመጡት አንዱ ነበርኩና፣ የጦጣዋ ጸሐፊ አነጋገር የእኔን አነጋገር እንደሚመስል ባለቤቴ እቤት ስንደርስ ነግራኛለች። መጀመሪያ ተቆጣሁ። ኋላ ግን የዚያን ዓመት ቃለ ጉባኤ ፈልጌ አጣሁት።

ልጆቹ ያዩትን ነው የተናገሩት። በቤታችን በአማርኛ የምንነግራቸውን ተረት ይዘው፣ እዚህ በተወለዱበት አገር፣ በራሳችን ቋንቋ እኛኑ አሳዩን። ደፍረውናል ከማለት ይልቅ፣ ቋንቋውንም ጨዋታውንም ተረክበዋል ብንል ይሻላል። ንግሥቲቱና መኳንንቱ በተክለ ሐዋርያት ቲያትር ላይ ያደረጉትን እኛ በትንሿ አዳራሻችን ብንደግመው፣ ልጆቹ ዝም ይሉ ይሆናል፤ ወይም በሌላ ቋንቋ፣ እኛ በሌለንበት ይናገራሉ።

ስለዚህ የዚህች መጽሔት አንባቢ ወላጆችን በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሚመጣው በዓል ልጆቹ ሌላ ድራማ እንዲያዘጋጁ እንፍቀድላቸው፤ ከፊት ወንበር ላይም እኛው እንቀመጥ። ጅቡም፣ ጦጣውም፣ አህያውም ይምጡ። የዘንድሮውን ቃለ ጉባኤ ግን፣ እባካችሁ፣ ሁለት ቅጂ አድርገን እናስቀምጥ።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን!